ዘመን ያልነካው ማን ነው?

ሰሞኑን አንድ የጉዞ ፕሮግራም አዘጋጅ በቦትስዋና ጾዲሎ ኮረብታ ሥር ቆሞ፣ ዓለቱ ላይ ያለውን ቀይ ቀጭኔ እየጠቆመ፣ ስለ አካባቢው ነባር አዳኞች ስለ ሳኖች «ዘመን ያልነካቸው ሕዝብ ናቸው» አለን። አንዴ ብሎ ቢተወው ምን ነበረበት? መላልሶ ደጋገመው። ከጎኑ ግልድም የታጠቁ ሽማግሌ ቆመዋል፤ ካሜራው ክንዳቸው ላይ ያለውን የእጅ ሰዓት ለመሸሽ ሲሽኮረመም ያስቃል።

ጾዲሎ ላይ ቆሞ እንዲህ ማለት ድፍረት ይጠይቃል። ከ4,500 በላይ ከሆኑት ሥዕሎች መካከል እኮ የከብት ሥዕል አለ! ጎረቤት የማያውቅ አዳኝ ከብት ከየት አምጥቶ ሳለ? ከሺህ ዓመት በፊት እዚያው ኮረብታ ላይ ለፀጉርና ለገላ ማስዋቢያ የሚሆን የሚያብለጨልጭ ማዕድን ይወጣ ነበር። በሥሩ ከነበሩት መንደሮች ደግሞ ከሩቅ ባሕር የመጣ ዛጎልና የብርጭቆ ዶቃ ተቆፍሮ ወጥቷል። ማዕድኑን ማንም ይቆፍረው ማን፣ ሳኖቹ ይህ ሁሉ ሲሆን ዓይናቸውን ጨፍነው አልተቀመጡም።

ዘመንማ ነክቷቸዋል፤ ያውም በጡጫ። ወደ ደቡብ ወረድ ሲሉ የማዕከላዊ ካላሃሪ ጥብቅ ክልል አለ። እ.ኤ.አ. በ1961 ሲከለል ሳኖች በምድራቸው ይኖሩበታል ተብሎ ነበር። በ1997 እና በ2002 በጭነት መኪና እየተጫኑ ወጡ፤ በክልሉ ውስጥ ባለችው ሞቶሜሎ የነበረው የውሃ ጉድጓዳቸውም ተዘጋ። ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በ2006 ማፈናቀሉ ሕገ ወጥ ነው ተብሎ ተፈረደላቸው። ይሁንና በገዛ ምድራቸው ጉድጓድ ለመቆፈር እስከ 2011 በይግባኝ መሟገት ነበረባቸው። በዚህ መሃል፣ ሰው ውሃ ባጣበት በዚያው ክልል፣ መዋኛ ገንዳ ያለው የቱሪስት ሎጅ ተከፈተ። ዘመን ያልነካው ሰው ጠበቃ ያቆማል እንዴ?

«ቱሪዝም ገቢ ያመጣላቸዋል» የሚለኝ አይጠፋም። ያምጣላቸው። ለገቢው ሲባል ግን ሰዓታቸውን ከካሜራ ይደብቁ ማለት ነው?

አዘጋጁ ፈረንጅ ቢሆን ኖሮ ትቼው ነበር፤ የኛው ሰው ነው። «ጊዜ የቆመበት አገር» ስንባል ቀድሞ የሚቆጣው እሱ ነው። ባለፈው ጂንካ ወርዶ ስለ ሙርሲዎች ያነበበልን ግን ይህንኑ ጽሑፍ ነው፤ የለወጠው የሕዝቡን ስም ብቻ።