የአሮጌ መኪና ሞተርና የወጣት ሠራተኛ ደመወዝ

መኪና መግዛት አንድ ነገር ነው፤ የገዙትን መኪና ማኖር ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ከወጣት ሠራተኞቻችን ብዙዎቹ የመጀመሪያውን በብርቱ ያስቡበታል፤ ሁለተኛውን ግን የሚያስቡት ሞተሩ ከታመመ በኋላ ነው። ገንዘብ በዕቁብ ይጠራቀማል፤ የጎደለው ከወንድም ወይም ከአጎት ይበደራል፤ ከዚያም አንድ ያገለገለ ቶዮታ ኮሮላ ወይም ቪትዝ ይገዛል። መኪናው ለቢሮ መመላለሻ፥ እናትን ሐኪም ቤት ማድረሻ፥ ከሥራ ሰዓት ውጭም ተሳፋሪ እያመላለሱ ጥቂት ገቢ ማግኛ ይሆናል። ጥቂት ወራት እንዳለፉ ግን ሞተሩ ይሞቃል፥ ያጨሳል፥ ያንኳኳል። የጋራዡ ሒሳብ ሲመጣም ለቤት ኪራይና ለቀለብ የተቀመጠው ገንዘብ ይነካል። እንግዲህ በዛሬው ጽሑፋችን ልንመረምረው የምንፈልገው ይህ ወጪ ለምን እንደበረታና በምን ሊቀንስ እንደሚችል ነው።

ወጪው ለምን በረታ?

ነገሩን የአንድ ሰው ዕድል መክፋት ብቻ አድርጎ መመልከት አይገባም። ባለፉት ዓመታት ሦስት ነገሮች ተከታትለው ደርሰዋል። የመጀመሪያው በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ነው። ዐዋጁ መኪናው ባረጀ መጠን ታክሱ እንዲከብድ አደረገ፤ ከሰባት ዓመት በላይ ባረጁት ላይ ታክሱ እንደ ሞተሩ መጠን እስከ 500 በመቶ ደረሰ። ሁለተኛው፥ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሠራ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ማስታወቁ ነው። የውሳኔውም ምክንያት ለነዳጅ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ ለመቀነስ ነው። ሦስተኛው፥ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ መለቀቁ ነው። 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

ይህ የመጨረሻው ነገር በጋራዥ ውስጥ ምን ትርጉም እንዳለው በቀላል ሒሳብ እንመልከት። በውጭ አገር 200 ዶላር የሚሸጥ አንድ የሞተር ዕቃ አለ እንበል። ዶላር በ57 ብር በሚመነዘርበት ጊዜ ዋጋው 11,400 ብር ነበር፤ በ100 ብር ሲመነዘር 20,000 ብር ይሆናል። ይህም ቀረጥ፥ ማጓጓዣና የነጋዴው ትርፍ ሳይጨመርበት ነው። በሌላ በኩል በመንግሥት መሥሪያ ቤት በዲግሪ ሥራ የሚጀምር ሰው ደመወዝ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ እንዲል ተወስኗል። ጭማሪው መልካም ነው፤ ሆኖም ያች አንዲት ዕቃ ብቻ የሁለት ወር ደመወዝ ልትበላ ጥቂት ነው የሚቀራት።

ከሦስቱ ነገሮች የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። ቀድሞ አሮጌ መኪና መሸጋገሪያ ነበር፤ ሁለትና ሦስት ዓመት ተነድቶ ይሸጥና ከእርሱ የተሻለ ከዓረብ አገር የመጣ ሌላ ይገዛ ነበር። አሁን ግን ያ መሸጋገሪያ ጠቧል። የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት የማይችል ሰው በእጁ ያለውን የቤንዚን ሞተር ብዙ ዓመት ማኖር ግድ ሆኖበታል። ስለዚህ የሞተር ጥበቃ የመካኒክ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የቤት አስተዳደር ጉዳይ ሆኗል ማለት ነው።

ሞተርን የሚገድለው ምንድን ነው?

ሞተር በድንገት ሞተ ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ነገር ግን ሞተር በድንገት የሚሞተው ከስንት አንዴ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሲያስጠነቅቅ ቆይቶ ነው። ከሁሉ በላይ የሚገድለውም ሙቀት ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ በድስት የተጣደ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የሞተር የዘወትር ሙቀትም ወደ 90 ዲግሪ ይጠጋል። ታዲያ የራዲያተሩ ውሃ ዘወትር የማይፈላው ለምንድን ነው? የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ድረስ ሳይፈላ ይታገሣል። ክዳኑ ላስቲኩ ሲደርቅ ወይም ሞላው ሲላላ ግን ግፊቱ ያመልጣል፤ ውሃውም ይፈላል። እንግዲህ በባሕር ዳርቻ አገር ቶሎ የማያስቸግር የክዳን ብልሽት በእኛ ከተማ ፈጥኖ ሞተር ያቃጥላል። ክዳኑ ደግሞ ከመኪናው ዕቃዎች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው።

በዚህ ላይ የከፍታው አየር ከባሕር ጠረፍ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ሞተሩ ኀይል ያንሰዋል፤ ነጂውም ነዳጅ መስጫውን አብዝቶ ይረግጣል። ወደ እንጦጦ ሲወጣ፥ ወይም ዓባይ በረሃ ወርዶ ከድልድዩ እስከ ደጀን ከአንድ ሺሕ ሜትር የሚበልጠውን ዳገት ሲወጣ የሞተሩ ድካም ምን ያህል እንደሆነ መገመት አያስቸግርም።

ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ከአልሙኒየም የተሠራው ቴስታታ ይጣመማል፤ ከሥሩ ያለው ጋርኒሲዮንም ይቃጠላል። ምልክቶቹ የታወቁ ናቸው፤ የራዲያተሩ ውሃ ሳይፈስ ይጎድላል፤ በጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይበዛል፤ የሞተሩ ዘይት ከውሃ ጋራ ተቀላቅሎ ወተት የገባበት ቡና ይመስላል። የሙቀት መለኪያው ከፍ ሲል ያየ ነጂ «ቤት ልድረስ» ሳይል ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት አለበት። የጋለውን ክዳን መክፈት ሰውን ያቃጥላል፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። አንድ ሰዓት ቆሞ ማብረድ ከብዙ ወር ዕዳ ያድናል። እንዲሁም በራዲያተሩ ውስጥ የቧንቧ ውሃ ብቻ መጨመር ዝገት ያመጣል፤ ለዚሁ የተሠራውን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ መጠቀም ይሻላል።

ከሙቀት ቀጥሎ የሚመጣው የዘይት ጉዳይ ነው። ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ቢለወጥ፥ ፊልትሮውም አብሮ ቢቀየር አሮጌ ሞተር ረጅም ዘመን ይኖራል። የዘይቱን መጠን በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት፥ ሞተሩ ሳይነሣ በመለኪያው ዘንግ ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፥ ጥቁር ጭስ ደግሞ ነዳጅ መብዛቱን ይናገራል።

ሦስተኛው የሞተሩን ቫልቮች የሚያንቀሳቅሰው ቺንጋ ነው። ሁሉም ሞተር በቺንጋ አይሠራም፤ ሰንሰለት ያላቸውም አሉ። ቺንጋ ባለው ላይ ግን ፋብሪካው ወስኖ የሰጠው ኪሎ ሜትር ሲሞላ መቀየር አለበት፤ በብዙዎቹ ይህ ልክ 100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ቺንጋው መንገድ ላይ ከተበጠሰ በብዙ ሞተሮች ፒስተኑ ቫልቮቹን ይመታል፤ በትንሽ ወጪ ይመለስ የነበረው ነገርም ሙሉ ሞተር ወደ ማውረድ ይደርሳል። ያገለገለ መኪና የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሆን ስለሚችል፥ መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ የሌለውን ቺንጋ እንደ አሮጌ መቁጠር ብልኅነት ነው።

ማሳደስ ወይስ መጠጋገን?

ሞተሩ አንድ ጊዜ ከተጎዳ ምን ማድረግ ይሻላል? ብዙ ሰው የሚመርጠው በዕለቱ ዋጋው ያነሰውን ነው። ይሁን እንጂ ትክክለኛው ጥያቄ «ዛሬ ስንት እከፍላለሁ?» ሳይሆን «በወር ስንት ይደርስብኛል?» የሚል ነው። ለምሳሌ አንዱ መካኒክ በ30,000 ብር ጠጋግኖ ለስድስት ወር ቢያስነዳ በወር 5,000 ብር ደረሰ ማለት ነው። ሌላው በ120,000 ብር በሚገባ አድሶ ሦስት ዓመት ቢያስነዳ በወር 3,300 ብር ገደማ ይሆናል። ርካሽ የመሰለው ውድ ሆኖ ተገኘ። ግን ይህ ሒሳብ የሚሠራው የመኪናው አካል፥ ካምቢዮውና መሪው ሦስት ዓመት የሚዘልቁ ሲሆኑ ነው። ሰውነቱ በዝገት ባለቀ መኪና ላይ የታደሰ ሞተር መትከል በሚፈርስ ቤት ላይ አዲስ ቆርቆሮ እንደ መምታት ነው።

ከዚህም በቀር «ይህን ያህል አውጥቼበት እንዴት እተወዋለሁ?» የሚል ሐሳብ ብዙ ሰው ይጎዳል። የወጣው ገንዘብ ወጥቷል፤ መመዘን ያለበት ከዛሬ ወዲያ የሚወጣው ነው። መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ ሞተር መግዛትም አንድ መንገድ ነው። ሆኖም ከመግዛት በፊት የሲሊንደሮቹን ግፊት በመሣሪያ ማስለካት፥ ውል በጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል። የሞተር ቁጥር በሊብሬው ላይ የሚመዘገብ ስለሆነም ለውጡን በሕጋዊ መንገድ ማስመዝገብ ግዴታ ነው።

የሌሎችም ድርሻ

ጥፋቱን ሁሉ በባለመኪናው ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ባለጋራዦች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የዕቃውንና የእጅ ዋጋውን ለይተው በጽሑፍ ቢሰጡ፥ የወለቀውን አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ቢመልሱ፥ ለሠሩበትም ደረሰኝ ቢቆርጡ መተማመን ይበረታ ነበር። መንግሥትም በበኩሉ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና መሸጋገርን ሲያበረታታ፥ ቀድሞ የገቡት የነዳጅ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት በመንገድ ላይ እንደሚኖሩ ሊዘነጋ አይገባውም። የመለዋወጫው ጥራት ቢመረመር፥ ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራም እውነተኛ ምርመራ ቢሆን የሚተርፈው የግለሰብ ኪስ ብቻ ሳይሆን የአገር የውጭ ምንዛሪና የሰው ሕይወት ጭምር ነው።

ለወጣት አንባቢዎቻችን የምንሰጠው ምክር አጭር ነው። መኪና ስትገዙ ያላችሁን ገንዘብ ሁሉ ለዋጋው አታሟጥጡ፤ ከፊሉን ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና አስቀሩ። ከመግዛታችሁ በፊት ከሻጩ ጋራ ዝምድና የሌለው መካኒክ ሞተሩን ቀዝቅዞ ሳለ አስነሥቶ ይመርምርላችሁ። ዘይት የተለወጠበትን ቀንና ኪሎ ሜትር በደብተር ጻፉ። በየወሩም ለዕቁብ እንደምትከፍሉ ሁሉ ለሞተሩ ጥቂት ገንዘብ አኑሩ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእሳት ነበር፤ ለሞተርም ከዚህ የሚሻል ምክር አልተገኘም።