የእባብ ልጅ እፉኝት



ሰሞኑን ተማሪዎቼ፣ የድሮዎቹም ጭምር፣ አንድ ዓይነት ቪዲዮ እየላካችሁልኝ ነው። ፈረንጁ ትንሽ እባብ እጁ ላይ ጠምጥሞ ይስቃል። ጥያቄያችሁም አንድ ነው፦ «ቲቸር፣ እኛም ከትንሽነቱ ይዘን ብናሳድገው ይለምዳል?»

የሱ ይለምዳል። የኛው ግን ሌላ ነው።

በቪዲዮ የምታዩት አብዛኛውን ጊዜ ቦል ፓይተን የሚባለው መርዝ የሌለው ዘንዶ ነው፤ ሰው ቤት ተፈልፍሎ ያደገ። ባለቤቱ እንዳመጣው ለሳምንት ያህል አይነካውም፣ ቦታውን ይልመድ ብሎ ይተወዋል። ከዚያ በቀን ጥቂት ደቂቃ፣ ከላይ ሳይሆን ከጎን ቀስ ብሎ ያነሳዋል። ከላይ የሚመጣ ነገር ለእባብ አሞራ ነዋ! ከበላ በኋላም ሁለት ቀን አይነካውም። በጊዜ ብዛት እባቡ መደንገጡን ይተዋል። በቃ፣ ይሄው ነው። ክፍል ውስጥ ሀቢቹዌሽን ያልነው ነው እንጂ እንደ ውሻ ጌታውን መውደድ አይደለም።

ሆሳዕናም ሆነ ዱራሜ፣ እንሰት ሥር ያገኛችሁትን ግን ማን ያውቀዋል? የሜዳው እፉኝት እንቁላል አይጥልም፤ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ልጅ ባንዴ ይወልዳል። ልጆቹም ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ መርዝ አላቸው። «ትንሽ ስለሆነ ምንም አያደርግም» የሚባል ነገር የለም። ባለሙያዎች እንኳ ከባሌ ሃረና ጫካ አዲስ የእፉኝት ዝርያ የለዩት ገና እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። እናንተ በዓይን አይታችሁ «ይሄ መርዝ የለውም» ልትሉ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በእባብ መርዝ በዓመት ከ81 ሺህ እስከ 138 ሺህ ሰው ይሞታል። ብዙው እንደኛ የገጠር ሰው ነው።

ይህን ስል ያያችሁትን ሁሉ በድንጋይ ቀጥቅጡ ማለቴ አይደለም። እህላችንን የሚጨርሰውን አይጥ የሚበላልን እሱ ነው። ደግሞ ሊገድል የተጠጋም ይነደፋል። ራቅ በሉና መንገዱን ልቀቁለት።

ሰው ከተነደፈ አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ በገመድ አጥብቃችሁ አትሰሩ። ቀለበትና አምባር አውልቁለት፣ የተነደፈው እጅ ወይም እግር እንዳይንቀሳቀስ አድርጋችሁ ቶሎ ሆስፒታል አድርሱት። እባቡን ይዞ ለማሳየት መሞከር አያስፈልግም።

እንስሳ ማላመድ ያማረው ርግብ ያርባ፣ ጥንቸልም አለ። ታናናሾቻችሁ ስልክ ላይ ምን እያዩ እንደሆነ ጠይቋቸው፤ ይህንንም አንብቡላቸው።

መልካም ሳምንት!