«በአካል ቀርቦ መመዝገብ» ስንት ያስከፍላል?

በአብዛኛው የሥራ ማስታወቂያ መጨረሻ ላይ አንድ የተለመደ መስመር አለ። አመልካቾች የትምህርት ማስረጃቸውን ዋናውንና የማይመለስ ኮፒ ይዘው፣ ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት ጥቂት ተከታታይ የሥራ ቀናት በአካል ቀርበው እንዲመዘገቡ ይላል። አዲስ አበባ ለሚኖር ተመራቂ ይህ የአንድ ታክሲ ጉዳይ ነው። መራዊ ላለው ግን ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚመክርበት ወጪ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። መራዊ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የደርሶ መልስ መሳፈሪያ አለ፤ የሁለትና የሦስት ቀን አልጋ፣ ምግብና የከተማ ታክሲ አለ። ይህ ሁሉ መንገዱ ክፍት ከሆነ ነው። ተመዝግቦ ለጽሑፍ ፈተና የተጠራ ሌላ ጉዞ ይጠብቀዋል፤ ለቃለ መጠይቅ ያለፈ ደግሞ ሦስተኛ። ገንዘቡ የሚመጣው ከተሸጠ ባሕር ዛፍ ወይም ከጎተራ ከወጣ በቆሎ ነው። ሦስት ጊዜ ተመዝግቦ ሦስቴም ያልተጠራ ልጅ፣ የአራተኛውን መሳፈሪያ አባቱን ለመጠየቅ አፉ አይታዘዝለትም። «ሥራ መፈለግ ተወ» ከሚባለው ወጣት ብዙው ሰንፎ አይደለም፤ እዚህ ላይ ደርሶ ነው።

ዘመኑም አላገዘውም። የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና የተሰጠው በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ነበር፤ ከተፈተኑት ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ያንን ወንፊት ያለፈው የአማራ ክልል ተመራቂ ደስታውን በወጉ ሳያጣጥም ጦርነቱ መጣ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋረጠ። መራዊ ራሷ በጥር 2016 ዓ.ም. ያየችው ሐዘን ከአንባቢ አልተሰወረም። የሥራ ማስታወቂያ ከአራት ኪሎ ሰሌዳ ወደ ቴሌግራም በተዛወረበት ዘመን፣ ያለ ኢንተርኔት ሥራ መፈለግ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ዓይንን እንደ መጨፈን ነው።

እንግዲህ ለዚህ ልጅ «ባገኘኸው ሁሉ አመልክት» የሚለው የተለመደ ምክር አይሠራም። ይህ ምክር ማመልከት በነጻ ለሆነለት ሰው የተቆረጠ ልብስ ነው። የመራዊው ተመራቂ ምክር መውሰድ ያለበት ከገዛ አባቱ ነው። ገበሬ ምርጥ ዘሩን ድንጋይ ላይ አይበትንም፤ መጀመሪያ መሬቱን ያያል። እያንዳንዱ ማመልከቻም ዘር ነው።

መሬቱን ማየት የሚጀምረው በስልክ ነው። በማስታወቂያው ግርጌ የሰፈረው ቁጥር ለጌጥ አልተጻፈም። ከመሳፈር በፊት ደውሎ አራት ነገር መጠየቅ ይቻላል፦ በኢሜይል፣ በፖስታ ወይም በወኪል መመዝገብ ይፈቀዳል? የሚፈለገው ሰው ስንት ነው? የሥራ ቦታው የት ነው? ፈተናውስ መቼና የት ይሰጣል? ብዙ ተመራቂ በይሉኝታ አይደውልም፤ የአንድ ደቂቃ ጥሪ ግን የሦስት ቀን እንግልት ያስቀራል። በዚያው ላይ አንድ ነገር ይለያል፤ ለምዝገባ ወይም ለ«ማስፈጸሚያ» ብር ላክ የሚል ካለ ቀጣሪ ሳይሆን አጭበርባሪ ነው።

ሁለተኛው ስንቅን አስቀድሞ ማሰናዳት ነው። ጊዜያዊ ዲግሪ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የመውጫ ፈተና ውጤት፣ የፋይዳ መታወቂያ፣ አንድ ገጽ ሲቪ። እነዚህ ተቃኝተው በስልክም፣ በኢሜይልም፣ በፍላሽም መቀመጥ አለባቸው፤ ኔትወርክ ለአንድ ሰዓት ሲመጣ ፎቶ ኮፒ ቤት መሮጥ አይቻልም። ሲቪው ደግሞ ከጓደኛ ተገልብጦ ስም ብቻ የተቀየረበት መሆን የለበትም። «በቡድን መሥራት እችላለሁ» ከሚል ዐረፍተ ነገር ይልቅ በተግባር ልምምድ ወቅት ምን እንደ ሠራ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ስለ ምን እንደ ሆነ፣ ምን ሶፍትዌር እንደሚችል የሚናገር አንድ መስመር ይበልጣል።

ሦስተኛው ማበር ነው። ከአንድ ከተማ የወጡ አምስት ተመራቂዎች ማስታወቂያ ተከፋፍለው ቢከታተሉ፣ በወኪል መመዝገብ በሚፈቀድበት ቦታ አንዱ የአምስቱን ማስረጃ ይዞ ቢሄድ፣ ወጪው ለአምስት ይከፈላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ነው።

አራተኛው፣ ምናልባትም ዋናው፣ ማስታወቂያ የማይወጣበትን ሥራ በቅርብ መፈለግ ነው። መራዊ አጠገብ 7,000 ሄክታር ገደማ የሚያለማው የቆጋ መስኖ አለ። በዚያው መንገድ ወደ ደቡብ ሲወረድ ቡሬ ላይ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ አሉ። እንደ መርከብና ዳሞት ያሉ የገበሬዎች ዩኒየኖች አሉ። ጦርነቱ እነዚህንም አልማረም፤ ሁሉም በሙሉ አቅም ይሠራል ማለት ራስን መሸንገል ነው። ሆኖም ሒሳብ የሚይዝ፣ መጋዘን የሚቆጣጠር፣ ጥራት የሚለካና ማሽን የሚጠግን ሰው ያስፈልጋቸዋል። አንዳንዱ ክፍት ቦታ የሚለጠፈው በር ላይ ነው፤ አንዳንዱ ጭራሽ አይለጠፍም። «ሥራ አለ ወይ?» ብሎ ከመጠየቅ «አትክልት ከማሳ ወጥቶ ገበያ እስኪደርስ የሚበላሸውን መዝግቤ መቀነስ እችላለሁ» ብሎ የገባ የዕፅዋት ሳይንስ ተመራቂ የተሻለ ይደመጣል።

እዚህ ላይ የተለመደው መልስ ይመጣል፦ «ሰው ከሌለህ ሥራ የለም።» በዘመድ የሚሞላ ወንበር መኖሩን የሚክድ የለም። ነገር ግን ሰው መያዝና ሰው መጠየቅ ይለያያሉ። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ሳይንስ ተመራማሪ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጥናት፣ ካነጋገራቸው ባለሙያዎች ከግማሽ በላይ ሥራቸውን ያገኙት በሰው በኩል መሆኑን አሳይቷል። ያ ሰው ግን በአብዛኛው የቅርብ ወዳጅ አልነበረም፤ አልፎ አልፎ የሚያገኙት ትውውቅ ነበር። የቅርብ ወዳጅ የሚያውቀውን ሥራ ፈላጊውም ያውቀዋል፤ አዲስ ወሬ የሚመጣው ከራቀው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የተመረቀን ልጅ ደውሎ «መሥሪያ ቤታችሁ ፈተናው ምን ላይ ያተኩራል?» ማለት ሙስና አይደለም።

ይህን ሁሉ አድርጎም ሥራ የሚያጣ ይኖራል። ስለዚህ ሸክሙን በሙሉ ልጁ ላይ ጭኖ ማለፍ ግፍ ነው። መራዊ ውስጥ ቅርንጫፍ ያለው ባንክ ገበሬውን ገንዘብ ለማስቀመጥ ዋናው መሥሪያ ቤት ድረስ ና አይለውም። የገበሬውን ብር መራዊ ላይ የተቀበለ መስኮት የልጁን ማስረጃ ለመቀበል ምን ያግደዋል? የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠልጣኞችን በክልል ከተሞች ሲመዘግብ ኖሯል። የመውጫ ፈተናው ራሱ በየዩኒቨርሲቲው በኮምፒውተር ይሰጣል፤ ያው ኮምፒውተር ባሕር ዳር ላይ የቅጥር ፈተና ለመስጠትም ያገለግላል።

«በአካል ቀርቦ» የሚለው ሐረግ ሲታይ ተራ የአስተዳደር ቋንቋ ነው። በተግባር ግን ከችሎታ በፊት የሚመጣ የመጀመሪያ ማጣሪያ ሆኗል፤ የሚያጣራውም ዕውቀትን ሳይሆን ርቀትንና ኪስን ነው። ቀጣሪ መሥሪያ ቤቶች ይህችን አንድ መስመር ቢያስተካክሉ ወጪያቸው ከኢምንት አይበልጥም። እስከዚያው ድረስ የመራዊው ተመራቂ ከመሳፈሩ በፊት ይደውል።