የጅዳ ልጃገረዶች ጊታርና የወላጆች ድርሻ

እ.ኤ.አ. በ2008 በጅዳ ከተማ የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «ዘ አኮሌድ» የተሰኘ የሴቶች የሮክ ባንድ እንደ ነበራቸው የሚያስታውስ አንባቢ ዛሬ ጥቂት ይመስለኛል። ባንዱ ስሙን ያገኘው እንግሊዛዊው ሠዓሊ ኤድመንድ ብሌይር ሌይተን በ1901 ከሣለው ሥዕል ነው፤ በሥዕሉ ላይ አንዲት ወይዘሮ በፊቷ ለተንበረከከ ወጣት በሰይፍ የፈረሰኛነት ማዕረግ ትሰጠዋለች። ልጃገረዶቹ ግን ማዕረግ የሚሰጥ ቀርቶ የሚሰማቸው መድረክ አልነበራቸውም። በቤት ውስጥ ተለማመዱ፤ «ፒኖኪዮ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ዘፈናቸውን ቀርጸው በኢንተርኔት ለቀቁት፤ በመቶ የሚቆጠሩ አድማጮችም ወሰዱት። በዚያው ዓመት በኖቬምበር «ኒውዮርክ ታይምስ» ጋዜጣ በአገሪቱ የመጀመሪያው የሴቶች የሮክ ባንድ ሲል አስተዋወቃቸው። ስማቸው ባሕር ተሻግሮ ሲሰማ፣ እነርሱ በሚኖሩበት ከተማ ለሕዝብ አንድ ዜማ እንኳ ማቅረብ አይችሉም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በ2016 አጠቃላይ የመዝናኛ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በዲሴምበር 2017 ሊባኖሳዊቷ ሂባ ጠዋጂ በሪያድ ለሴት ታዳሚዎች ዘፈነች። በ2018 የሲኒማ ቤቶች ዳግም ተከፈቱ። በዲሴምበር 2023 ደግሞ ከዓለም የከባድ ሮክ ባንዶች ስመ ጥር የሆነው «ሜታሊካ» በሪያድ ተጫወተ። ዛሬ በሪያድ «ሲራ» የተባለ የሴቶች የሮክ ባንድ አለ፤ በዐረብኛ ይዘፍናል፤ ከበሮ መቺዋም ፊቷን ሸፍና መድረክ ላይ ትወጣለች። የጅዳዎቹ ተማሪዎች ከ10 ዓመት በኋላ ጀምረው ቢሆን ኖሮ ታሪካቸው ሌላ መልክ በያዘ ነበር።

በሩ ሲከፈት ግን አንድ ጥያቄ ከመንግሥት ደጃፍ ተነሥቶ ወደ ቤታችን ገብቷል። ከወሎ መጥቶ በጅዳ ብዙ ዓመት የኖረ አንድ ወዳጄ በቅርቡ በጭንቀት አጫወተኝ። የ15 ዓመት ልጁ ጊታር እንዲገዛላት ጠይቃዋለች። «ወንድሜ፣ ቀድሞ ቢሆን የተከለከለ ነው ብዬ እገላገል ነበር፤ አሁን ምን ልበላት?» አለኝ። ጥያቄው የእርሱ ብቻ አይደለም። ልጆቻችንን በሰው አገር የምናሳድግ ብዙዎቻችን፣ ማስረዳት የሚገባንን ነገር ለረጅም ጊዜ ለበር ጠባቂ ትተነው ኖረናል።

ብዙ ወላጅ ሮክን የሚጠላው በድምፁ ነው። በእርግጥም ከባድ ሮክ ጆሮ የሚያባብል ሙዚቃ አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ጊታሩ ድምፅ በማጉያው ውስጥ ከልክ በላይ ተገፍቶ ሆን ተብሎ እንዲሻክር ይደረጋል፤ ከበሮውም ይበረታል። ነገር ግን ድምፁ የበረታ ሁሉ ልቡ የከፋ አይደለም። እዚሁ በሒጃዝ በበትርና በከበሮ የሚጫወቱት «መዝማር» ከሩቅ የሚሰማ ነጎድጓድ ነው፤ ዩኔስኮም በ2016 ከሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች ጋር መዝግቦታል።

ይህን ስል የሃይማኖቱን ጥያቄ ችላ ማለቴ አይደለም። የአራቱ መዝሀቦች አብዛኞቹ ዑለማዎች የሙዚቃ መሣሪያን በተለይም ባለ አውታሩን ከልክለዋል፤ የአንዳሉሱ ኢብን ሐዝም ደግሞ የተከለከለበትን ማስረጃ አልተቀበለም። ኢማም አል-ገዛሊ በ«ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን» ውስጥ ባለ አውታሮቹን ከከለከሉት ጋር ቆመዋል፤ ነገር ግን ጉዳዩን በጅምላ አልፈረዱበትም፤ የሚያሰማውን ሰው፣ መሣሪያውን፣ ግጥሙንና የአድማጩን ሁኔታ ለየብቻ መርምረዋል። እኔ ፈትዋ የምሰጥ ሰው አይደለሁም፤ ወዳጄም የሚከተላቸውን ዓሊም መጠየቅ መብቱም ግዴታውም ነው። ከኢማሙ የምወስደው ግን የአመዛዘን ሥርዓታቸውን ነው። ከልካይም ሆነ ፈቃጅ ወላጅ ለልጁ ምክንያቱን ለይቶ ሊነግራት ይገባል።

ሦስት ነገር መጠየቅ ይቻላል። መጀመሪያ ዘፈኑ ምን ይላል? ሁለተኛ ከማን ጋር፣ የትና በስንት ሰዓት ይሰማል፣ ይጫወታልም? ሦስተኛ ሶላትንና ትምህርትን ይሻማል ወይ? ደግሞም ቦታ ሁሉ አንድ አይደለም። ጅዳ ለሑጃጅ የመካ በር ናት፤ ከባሕሩ ዳርቻ እስከ ሐረሙ ያለው መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ መንገድ ለዑምራ የሚጓዝ ቤተሰብ በመኪናው ውስጥ ምን እንደሚሰማ ራሱ ሊያስብበት የሚገባ አደብ አለው።

ከአገራችንም ምሳሌ አለ። በአዲስ አበባ የተመሠረተው «ጃኖ» ባንድ በ2012 ያወጣው «ኤርታሌ» የተሰኘ የመጀመሪያ አልበሙ በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲዩሰርነት የተሠራ ነው፤ በ2018ም «ለራስህ ነው» የተባለውን አስከተለ። ሮክ ጊታርን ከአገሩ ቅኝት ጋር አዋህዶ በአማርኛ ስለሚዘፍን፣ አባትና ልጅ ግጥሙን አብረው ሰምተው ሊከራከሩበት ይችላሉ። የወሎ መንዙማም ዘመናትን የተሻገረው ከበሮው ስለ መታ ብቻ አይደለም፤ ቃሉ ለሰሚው በገዛ ቋንቋው ትርጉም ስለ ነበረው ነው። ልጆቻችን በባዕድ ቋንቋ የሚሰሙትን እኛ ካላወቅን፣ የምንፈርደው በማናውቀው ነገር ላይ ነው።

የ«ዘ አኮሌድ» ልጃገረዶች በዘመናቸው ቢያንስ የሚለማመዱበት ቤት አግኝተዋል። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ልጅ ከቤተሰቧ ተደብቃ ከምታደርገው ነገር ይልቅ ወላጆቿ በሚሰሙበት ክፍል የምታደርገው ይመረጣልና። ወዳጄን ውሳኔውን ከመናገሩ በፊት ልጁ የምትወደውን ዘፈን እንድታሰማውና ግጥሙን በአማርኛ እንድትተረጉምለት እንዲጠይቃት መከርኩት። ጊታሩን እስካሁን አልገዛላትም፤ ምናልባትም አይገዛላትም። ነገር ግን ያን ምሽት አንድ ሰዓት ያህል አብረው ተቀምጠው እንደ ተነጋገሩ ነግሮኛል፤ ከዚያ በፊት እንዲህ የተነጋገሩበት ጊዜ ትዝ እንደማይለውም አልሸሸገኝም።