የተማሪው ድጎማ እና የወሩ መጨረሻ

በሳዑዲ ዓረቢያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚማር የሀገሪቱ ዜጋ ለመደበኛ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቱ ክፍያ አይጠየቅም። ይልቁንም ተማሪዎቹ «ሙካፈአ» የሚሉት ድጎማ በየወሩ በባንክ ሒሳቡ ይገባለታል፤ ለሳይንስ ዘርፍ ተማሪ 990 ሪያል፣ ለሌሎቹ ዘርፎች ደግሞ 840 ሪያል። የኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ የወጪ መጋራት ዕዳ ተሸክሞ እንደሚወጣ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ለብዙዎቹ ወጣቶችም በገዛ ስማቸው የሚገባ የመጀመሪያው ቋሚ ገንዘብ ይኸው ነው። ይሁንና ብዙ ጊዜ ወር አያደርስም።

ወላጆች ልጆቻችን አባካኝ ሆኑ ይላሉ፤ ተማሪዎች ደግሞ ኑሮ ተወደደ ይላሉ። የተማሪዎቹን ቃል አስቀድሞ መስማት ተገቢ ነው። 840 ሪያል ለ30 ቀን ሲካፈል 28 ሪያል ይሆናል። የድጎማው መጠን ለረጅም ዓመታት በነበረበት ሲቆይ፣ በ2018 በ5 በመቶ የተጀመረው የተጨማሪ እሴት ታክስ በ2020 ወደ 15 በመቶ ከፍ ብሏል። በአባቱ ቤት የሚያድርና የሚበላ ተማሪ ይህ ብዙም ላይከብደው ይችላል። ከሩቅ አውራጃ መጥቶ ክፍል ለተከራየው ወይም በየቀኑ ለታክሲ ለምትከፍለው ተማሪ ግን ስለ ቡና ወጪ የሚሰጥ ተግሣጽ መልስ አይሆንም። ድጎማው ይሻሻል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው።

ቢሻሻልም ግን የገንዘብ አያያዝ ያልተማረ እጅ ጭማሪውንም እንደ ቀድሞው ይበትነዋል። በካፌ 15 ሪያል የሚከፈልበት አንድ ስኒ ቡና በወር 20 ጊዜ ሲጠጣ 300 ሪያል ነው፤ ይህም ከ840ው ሲሶ ይበልጣል። በዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት በርካሽ የሚገኘው ምሳ በስልክ ታዝዞ ሲመጣ የማድረሻ ዋጋ ይጨመርበታል። ከሁሉ የከፋው ግን «ዛሬ ውሰድ፣ በአራት ጊዜ ክፈል» የሚለው ግዢ ነው። እያንዳንዱ ክፍያ ትንሽ ይመስላል፤ ስልኩ፣ ጫማውና ሽቶው በአንድ ወር ሲደራረቡ ግን የሚመጣው ድጎማ ሳይደርስ ተበልቶ ያልቃል። የሳዑዲ ማዕከላዊ ባንክ በ2023 ለዚህ አገልግሎት ሰጪዎች ደንብ አውጥቷል። ደንቡ ኩባንያውን ይገዛል እንጂ የገዢውን ፍላጎት አይገዛም።

ብዙ ተማሪዎች ልብ የማይሉት ሌላም ነገር አለ። ድጎማው የሚከፈለው ለመደበኛው የትምህርት ዘመን ብቻ በመሆኑ፣ ኮርስ እየደገመ ዓመት የሚጨምር ተማሪ ወጪው ሳይቆም ገቢው ይቆምበታል። ከየድጎማው 10 ሪያል ተቀንሶ የሚገባበት የተማሪዎች ፈንድ ለተቸገረ ተማሪ ርዳታና ብድር የሚሰጥ ቢሆንም፣ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ እየዞረ የሚበደረው ተማሪ ብዙ ጊዜ ይህን በር አያንኳኳም።

በነጻ የትምህርት ዕድል ለሚመጡ ኢትዮጵያውያን ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። በ1961 የተመሠረተው የመዲና እስላማዊ ዩኒቨርሲቲ ከመላው ዓለም ለሚቀበላቸው ተማሪዎች ማደሪያና ወርሃዊ ድጎማ ይሰጣል። ለሐበሻው ተማሪ ግን ድጎማው የኪስ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የእህቱ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእናቱ መድኃኒት፣ የዒድ ወጪም ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2024 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አንድ መቶ ሪያል በብር የሚያወጣው ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የሀገር ቤት ኑሮም አብሮ ስለተወደደ ከቤተሰብ የሚመጣው ጥያቄ በዝቷል። ወጣቱ እምቢ ማለት ያፍራል፤ ስልክ በተደወለ ቁጥር ይልካል፤ ወሩ ሳይጋመስም ራሱ ተበዳሪ ይሆናል። (በስልክ የሚደርሳቸው ፎቶ የመስጊዱን ዕብነ በረድ እንጂ የልጁን ባዶ ኪስ አያሳይም።) ቤተሰብን መርዳት የሚያስመሰግን ግዴታ ነው። ሆኖም የቤተሰቡ ድርሻ ድጎማው በገባበት ዕለት ተለይቶ፣ መጠኑም ለወላጆች በግልጽ ቢነገር ይሻላል። ወላጆችም «ለአንተስ ምን ቀረህ?» ብለው ሊጠይቁ ይገባል።

ዩኒቨርሲቲዎች ለአዲስ ገቢዎች ቤተ መጻሕፍቱንና ቤተ ሙከራውን በሚያስጎበኙበት ሳምንት፣ የአንድ ወር ገቢና ወጪ በወረቀት ላይ የሚያሰላ አንድ ሰዓት ቢጨምሩ ብዙ አይከብዳቸውም። በወሩ በ20ኛው ቀን ባዶ የሆነውን ሒሳብ ወዲያው የሚሞላ አባትም ለልጁ ወሩ 20 ቀን ብቻ እንደሆነ እያስተማረው ነው። ምግቡንና መድኃኒቱን ይሸፍንለት፤ የስልኩን ክፍያ ግን ልጁ ራሱ ይወጣው።

በ2016 ይፋ የሆነው ራእይ 2030 የቤተሰቦችን ቁጠባ ከገቢያቸው 6 በመቶ ወደ 10 በመቶ የማሳደግ ግብ አስቀምጧል። ከ840 ሪያል 10 በመቶው 84 ሪያል ነው፤ የስድስት ስኒ ቡና ዋጋ እንኳ አይሞላም።