መስኩን አትስጡኝ

ለድብ ባሕር፣ ለደባርቅ፣ ለጎንደርና ለዙሪያው ወገኖቼ፣

ይህን የምጽፍላችሁ ከበርን፣ ከስዊዘርላንድ ነው። ባለፈው ዓመት ውጭ ያለን የአገር ልጆች በማኅበር ተሰባስበን በአንዲት የሰሜን ጎንደር ከተማ ዳር ለቤት መሥሪያ የሚሆን ቦታ ጠይቀን ነበር። ንድፉ ተላከልን። አጎቴ ሄዶ እንዲያይልኝ ለመንሁት። ማምሻውን ደውሎ፣ «ልጄ፣ ቦታውስ ጥሩ ነው። ሜዳ ነው፣ ድንጋይ የለበት። ግን ከብት ሰፍሮበት አገኘሁት» አለኝ። ለጥቂት ጊዜ ዝም ተባባልን። በንድፉ ላይ የእኔ ድርሻ የተጻፈው በቁጥር ነበር፤ ከብቱ ግን የትም አልተጻፈም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ መስክ ሳስብ ከረምሁ። ከሊማሊሞ ግርጌ ያደገ ሰው መስክ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ክረምቱ ሲያልፍ እንግጫ የሚነቀለው፣ ለበዓል ቄጠማ የሚታጨደው ከዚያ ነው። ኅዳር ላይ ሣሩ ደርቆ ድርቆሽ ሆኖ ይከመራል። በበጋ ገለባ ሲያልቅ በሬው የሚቆመው በዚያ ድርቆሽ ነው። ድርቆሽ ያላገኘ በሬ ሰኔ ላይ ቀንበር ሲጫንበት ይንበረከካል፤ በሬው ከተንበረከከ እርሻው ይዘገያል፣ የዘገየ እርሻ ደግሞ ዝናቡ ያመልጠዋል። የከብቱ ቁጥር ሲያንስ ኩበትም ያንሳል። ያለችዋም ወደ ምድጃ ስለምትገባ ለማሳው ፍግ አይተርፈውም። አንድ መስክ ሲታረስ ወይም ሲገነባበት የሚጎዳው ከብቱ ብቻ አይደለም፤ ጉዳቱ ዞሮ እንጀራው ላይ ይደርሳል።

ረግረጉ ጨፌ ደግሞ ሌላም ሥራ አለው። የክረምቱን ውሃ አቁሮ በበጋ ለምንጩ ቀስ እያለ ይለቃል። የተጋጠና የተረገጠ ተዳፋት መሬት ግን ውሃውን ከነአፈሩ ይሰደዋል። ጎንደር ከአንገረብ ግድብ ውሃ እየጠጣች ስለ ደለል የምትጨነቀው ከላይ ባለው ተፋሰስ አፈር የሚይዝ ሣርና ዛፍ ስለሳሳ ነው።

ይህ ለውጥ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ጭሰኛው ነጻ ወጣ፤ ያ ታላቅ ቀን ነበር። ነገር ግን መስክን ይጠብቁ የነበሩ የአካባቢ ሥርዓቶችም በየቦታው አብረው ፈረሱ። በ1989 ዓ.ም. በክልላችን መሬት እንደገና ሲከፋፈል የወል ግጦሽ ላይ ዓይን ወደቀ። ኋላም መሬት ያላገኘ ወጣት ብዙ ስለነበር ኮረብታው ተሰጠው፣ ባሕር ዛፍም ተተከለበት። ወጣቱን አልወቅስም፤ ምን ይብላ? ግን ቆርሶ ማከፋፈል ሁልጊዜ የሚጀመረው ከዚያው ጠያቂ ከሌለው መሬት ነው።

ቀጥሎ ከተማው መጣ። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ጎንደር 112,249 ሰው ነበራት፤ በ1999 ዓ.ም. 207,044 ደረሰች። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ሕዝብ! አዘዞ ድሮ ከጎንደር ለብቻው የቆመ ቦታ ነበር፤ ዛሬ ከተማው ሄዶ ከእሱ ጋር ገጥሟል። ደባርቅም የዞን ከተማ ከሆነች ወዲህ በጎን በጎኗ እየሰፋች ነው። የእርሻ ባለቤት የይዞታ ደብተሩን ይዞ ይከራከራል፣ ካሳውን ያስቆጥራል። መስኩ ሲወሰድ ግን ማን ደብተር ይዞ ይቁምለት? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የካሳ አዋጅ፣ ቁጥር 1161፣ የወል ይዞታ ሲወሰድም ካሳ እንዲከፈል ይላል። መልካም ሕግ ነው። ሆኖም ተጠቃሚው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ባልተለየበት፣ ገንዘቡ ለሁሉ ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ቢደርስ እንኳ ላሟ የምትሰማራበት ሌላ መስክ አያመጣም።

በአንድ በኩል ሕጋዊው ሊዝና የማኅበር ቤት፣ በሌላ በኩል በሌሊት የሚቆመው የጨረቃ ቤት። ሁለቱም የሚያዩት ያንኑ ሜዳ ነው። ከውጭ የምንልከው ገንዘብም ሁለቱንም ያንቀሳቅሳል። ይህን የምለው ከራሴ ጀምሬ ነው። የእኛ ዶላርና ፍራንክ ባይኖር ያ ንድፍ አይሠራም ነበር።

መስክ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን ለማየት ከእናንተ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፣ በ1970 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆነ። የግጦሽ ጫናው፣ እርሻውና የዋልያው መመናመን በ1989 ዓ.ም. አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገባው። ከዚያ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ከፓርኩ ውስጥ ከነበረችው የግጭ መንደር ከ400 በላይ አባወራዎች ተነሥተው ወደ ደባርቅ ዳር ሰፈሩ። የግጭ ሜዳ ከከብት ጫና ዐረፈ፤ የጓሳ ሣሩም ለጭላዳ ቀረለት። ጭላዳ በዓለም ላይ ሣር ግጦ የሚኖር ብቸኛው ዝንጀሮ ነው፤ እኛ ስንታረቅና ስንጣላ አጠገባችን የኖረ ጎረቤት። ነገር ግን የግጭ ሰው መሬቱንና መስኩን ትቶ ወደ ከተማ ዳር ወርዷል። ሣሩን ስናመሰግን እሱን ከረሳን ግፍ ነው። ከላይ ሜዳውን አድነን ከታች በደባርቅ ዙሪያ ያለውን መስክ ለቤት ብንሸነሽነው፣ ከላይ የወረደው ሰው ላሙን የት ያሰማራታል?

ያለ ሰው መነቀል መስክ የሚጠበቅበት መንገድም አለ፤ ያውም በክልላችን። የመንዝ ጓሳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ተጠብቆ ኖሯል። ባላገሩ አለቃ መርጦ ሜዳውን ለዓመታት ይዘጋው ነበር፤ ሲከፈት ሁሉም በልኩ ያሰማራ፣ ሣሩን ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭድ ነበር። በ1967ቱ አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም የአካባቢው ሰው በኋላ በአዲስ ኮሚቴ አነሣው። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም ዛሬ እዚያ አሉ። እኔ በምኖርበት አገርም ተመሳሳይ ነገር አለ። በቫሌ ክልል የምትገኘው የቶርበል መንደር እ.ኤ.አ. በ1517 በክረምት በራሱ ድርቆሽ ሊመግብ ከሚችለው በላይ ማንም ላም ወደ ወል ተራራ እንዳያወጣ ደንብ ጻፈች። አጎቴ ይህን ስነግረው፣ «እኛም እኮ እንዲሁ እናውቅ ነበር» አለኝ። ያወቅነው በቃል ስለነበር ነው የጠፋው፤ የእነሱ ተጽፏል።

ስለዚህ ከማኅበሩ ስሜን አስወጥቻለሁ። ንድፉንም መልሻለሁ። ቤት አልፈልግም አላልሁም፤ አገሬ ላይ ጣራ እንዲኖረኝ እመኛለሁ። መስኩን ግን አትስጡኝ። ሌሎቻችሁም ውጭ ያላችሁ ቦታ ሲሰጣችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ቀድሞ ምን እንደነበረ ጠይቁ። ከደላላው አትጠይቁ፤ እዚያ የሚያግደውን ልጅ ጠይቁት።

አገር ቤት ያላችሁን ደግሞ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በክልላችን የገጠር መሬት ሕግ የወል ይዞታ የሚባል አለ። የቀረላችሁን መስክ በወል ስም አስመዝግቡ፤ ተጠቃሚዎቹን በስም አስጽፉ፣ ሴቶቹንም አትርሱ፤ ድርቆሹን ተሸክመው የሚያመጡ እነሱ ናቸው። የከተማ ፕላን ሲዘጋጅ ስብሰባው ላይ ተገኝታችሁ «ይህ ባዶ መሬት አይደለም» በሉ። ወሰኑን የሚያውቁት ሽማግሌዎች እያለፉ ነውና ፈጥናችሁ ጠይቋቸው።

አጎቴ የእኛን መስክ ወሰን በስልክ ነገረኝ፦ በላይ በኩል ከትልቁ ዋርካ፣ በታች ከጅረቱ፣ በምሥራቅ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር፣ በምዕራብ ገበያ የሚወርደው መንገድ። ቃል በቃል ጽፌ አስቀምጬዋለሁ። የእናንተንም ጻፉልኝ።

አክባሪያችሁ፣
የድብ ባሕር ልጅ፣ ከበርን