ብቸኛ ቁጥር የቆላውም ልጅ ነው

«ለአብደራፊ ልጅ 77 አሃዝ ያለው ብቸኛ ቁጥር ምን ያደርግለታል? ሰሊጥ ይመዝንበታል?» ይህን ያለኝ የተማረ ሰው ነው። እስካሁን ያንገበግበኛል፤ ንቀት ነውና።

በምዕራብ አርማጭሆ ቆላ የምትገኘው የአብደራፊ ልጅ ብቸኛ ቁጥርን ሳይነገረው ያውቃል። 13 ኩንታል ሰሊጥ ጆንያ ሳይፈታ እኩል ተካፈሉ ቢባል፣ ወይ አንዱ ሁሉንም ይወስዳል፣ ወይ 13 ሰው አንዳንድ ይደርሰዋል፤ ሌላ መላ የለውም። ይህ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ እስከ 100 ያሉትን 25 ብቸኛ ቁጥሮች ሸምድድ ይባላል። ከዚያ ወዲያ ዝም!

የግሪኩ የሒሳብ ሊቅ ኤውክሊድ ከ2,300 ዓመት ገደማ በፊት ብቸኛ ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው ያሳየበት መንገድ ሰሌዳ እንኳ አይሞላም። አለቁ የምትሏቸውን ሁሉ አባዙና 1 ጨምሩ። ውጤቱን ከዝርዝራችሁ በየትኛውም ብታካፍሉት 1 ይተርፋል። እንግዲያው የሚያካፍለው ብቸኛ ቁጥር ከዝርዝሩ ውጭ አለ፤ ራሱ ውጤቱም ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 ሉክ ዱራንት ያገኘው 41,024,320 አሃዝ ያለው ብቸኛ ቁጥር ይፋ ሲሆን፣ የመጨረሻው እንዳልሆነ በእርግጠኝነት መናገር የሚችል የ7ኛ ክፍል ተማሪ በአብደራፊ ሊኖረን ይገባ ነበር። ማን ከለከለው?

ያ የተናቀው ባለ 77 አሃዝ ደግሞ እንዲህ ይገኛል፦ ከ1 ተነሥታችሁ 255 ጊዜ እጥፍ አድርጉ፣ 19 ቀንሱ። ዳንኤል በርንስታይን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጽሑፍ ለምስጢር ጥበቃ የመረጠው ነው፤ ዋትስአፕ ቁልፍ የሚለዋወጠው በዚሁ ቁጥር ላይ በቆመ ስሌት ነው። ሳሉጉ፣ ማለትም የእርሻ ሠራተኛው፣ ከእርሻው ካምፕ ለእናቱ የሚልከውን የድምፅ መልእክት መንገድ ላይ የጠለፈ እንዳይሰማው የሚያደርገው ይህ ስሌት ነው። ለምን ይህ ቁጥር ተመረጠ? 255 ጊዜ የታጠፈው በእሱ ሲካፈል ቀሪው 19 ብቻ ስለሆነ ከባዱ ማካፈል ይቀርና በ19 ማባዛትና መደመር ይተካዋል። ርካሽ ስልክም ይችለዋል።

በቀሪ ማስላት ለእኛ እንግዳ ነው እንዴ? የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበት የባሕረ ሐሳብ መምህራን ዓመተ ዓለሙን በ19 ገድፈው (አካፍለው ሙላቱን ጥለው)፣ ከቀሪው አንድ ቀንሰው ወንበር ያወጣሉ። ወንበሩን በ11 አባዝተው በ30 ሲገድፉት አበቅቴ፣ በ19 አባዝተው እንዲሁ በ30 ሲገድፉት መጥቅዕ ይሆናል። የበርንስታይን 19 ከባሕረ ሐሳቡ 19 ጋር የገጠመው በአጋጣሚ ነው፤ ሙላቱን ጥሎ በቀሪው የመሥራት ስልት ግን አንድ ነው። ይህን ስልት ለዘመናት ይዞ የኖረ ሕዝብ ልጁን «ይህ ያንተ አይደለም» ብሎ ሲመልሰው ዝም ብዬ አላይም።

በምዕራብ አርማጭሆ የምታስተምሩ የሒሳብ መምህራን ሆይ፣ ሽምደዳውን ተዉት። የኤውክሊድን ማረጋገጫ ነገ ጠዋት ሰሌዳ ላይ ጻፉት፣ ልጆቹም «ለምን?» እያሉ ይሟገቷችሁ።